ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ለጥርሳችሁ እዚህች ዶክተር ጋ ሂዱ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬ የእህቴ የሠርግ ፎቶ ታጥቦ መጣ። ሁሉም ላይ ጥርሴን ገልጬ እየሳቅሁ ነው። አፌን በእጄ የሸፈንኩበት አንድም የለም። እማዬ ፎቶዎቹን እያገላበጠች "ይቺ ልጅ የኔ ናት?" አለች። ከዚህ በላይ ማቆየት አልቻልኩም።

የታች ጥርሶቼ ተደራርበው ነው የበቀሉት። ሥራ ስይዝ ብር አጠራቅሜ አዲስ አበባ አላይነር ጀመርኩ። ያ ጥርስ ላይ ልክክ ብሎ በየጊዜው እየተቀየረ የሚያስተካክለው፣ የማይታየው ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ክፍያውን በሙሉ አስቀድሜ ከፈልኩ። ከዚያ ሥራዬ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። መከራዬም ያን ጊዜ ጀመረ። ስደውል አይነሳም። ከተነሳም "ነገ ደውይ" ነው። የቀሩኝን ፕላስቲኮች በአውቶብስ ላኩልኝ፤ የሚያየኝ ሰው ግን የለም። አንዱ አልገባ ብሎኝ ፎቶ ብልክላቸው "ጫን አድርገሽ ንከሺው" አሉኝ። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

ሌላው ደግሞ የባሰ ነበር። ጥርሴ ሲስተካከል ቢጫነቱ ጎልቶ ታየኝ። የዘጌ ልጅ ነኝ፤ ቡና ከጓሯችን ነው የሚለቀመው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠጣ ነው ያደግኩት። አንድ ቦታ "በአንድ ሰዓት እናነጣልሻለን" አሉኝና ሄድኩ። ሐኪም አልነበረም። ምን እንደቀቡኝ አላውቅም፤ ጠርሙሱ ላይ ጽሁፍ የለውም። ድዴ ተቃጥሎ ነጭ ሆነና ተላጠ። ሦስት ቀን ለብ ያለ አጥሚት ብቻ ጠጣሁ። ተመልሼ ባሳያቸው "ድድሽ ስስ ስለሆነ ነው" አሉኝ። ይቅርታ እንኳን የለም።

እዚህች ዶክተር ጋ የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ነው የወሰደችኝ። "የሌላ ሰው ሥራ አልነካም" ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። የተላኩልኝን ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አየች፣ ጥርሴን ለረጅም ጊዜ አየች። ስለ ቀድሞዎቹ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። የማይገባውን ፕላስቲክ ጠርዙን ትንሽ ሞረደችው። ገባ! ለወራት ያስለቀሰኝ ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ።

የማንጣቱን ነገር ስጠይቃት ግን "አሁን አይሆንም" አለችኝ። አላይነሩ እንዲይዝ ጥርሴ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። አሁን ብናነጣው ከሥራቸው ያለው ቦታ ሳይነጣ ሊቀር፣ ሲነሱም እንደ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል አለችኝ። ሦስት ፕላስቲክ ቀርቶኝ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ስለሚቀየር ስድስት ሳምንት ጠብቂ አለችኝ። ብሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የሄድኩት። ልትቀበለኝ ትችል ነበር። መልሳ ላከችኝ። ያን ቀን አመንኳት።

ጉብታዎቹ ከተነሱ በኋላ የመጨረሻው ፕላስቲክ ራሱ ማንጫ ሆነልኝ። ማታ ማታ ፕላስቲኩ ውስጥ በእያንዳንዱ ጥርስ ልክ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጄል፣ ድድ ላይ የወጣውን በጥጥ መጥረግ፣ ከዚያ መተኛት። ሁለት ሳምንት። የጄሉ ስም ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። ጥንካሬው 10 ፐርሰንት መሆኑንና ማብቂያ ቀኑን ግን ራሷ አሳይታኛለች። ፊት ለፊት ያለችው የተሞላች ጥርሴ በጄል እንደማትነጣም አስቀድማ ነገረችኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ስድስቱን ሳምንት ስጠብቅ ሳለሁ እማዬ ለሠርጉ ድግስ በጀልባ መጣች፤ ክሊኒኩም አብራኝ ሄደች። ገና ከመግባቷ ክስ ጀመረች። "ልጄ አቦል ብቻ ጠጥታ ትነሳብኛለች። ቶናና በረካን ጥላ!" እውነቷን ነው። ፕላስቲኩ በቀን 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ለምግብም ለቡናም የሚቀረኝ 2 ሰዓት ነው። የእማዬ ቡና ደግሞ ከማጠቡ እስከ በረካው ብቻውን ሁለት ሰዓት ይሞላል። ዶክተሯ ቡና ትከለክለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጓንቷን አውልቃ እማዬ አጠገብ ተቀመጠች። "እናቴ፣ ቡናዎን አልከለክልባትም። ቶናውን ብቻ ቶሎ ቶሎ ያድርጉላት" አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "ሲቆላም ሲወቀጥም አታውጪው። አቦሉ ሲቀዳ አውጪ፣ ሦስቱንም ጠጪ፣ በውሃ ተጉመጥመጪና መልሺው። ከእናትሽ ቡና ላይ አትነሺ" አለችኝ። እማዬ ቆማ መረቀቻት። እኔ እንባዬ መጣ። ስንት ቦታ ስሄድ ስለ ጥርሴ እንጂ ስለ ቤቴ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም።

ጄሉን በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥርሴ ጠዘጠዘኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ደወልኩ። አነሳችው! "ሁለት ሌሊት እረፊ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልሽ ቀጥይ" አለችኝ። ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የሚሆን የጥርስ ሳሙናም ነገረችኝ። በማግስቱ ራሷ ደውላ እንዴት አደርሽ አለችኝ።

ያቺ የወሰደችኝ ባልደረባዬ ዝዋይ ነው ያደገችው፤ ጥርሷ ላይ ቡናማ ምልክት አለ። ዕድሜዋን ሙሉ "አትቦርሺም እንዴ?" ሲሏት ኖራለች። ይህ ከስምጥ ሸለቆው ውሃ ፍሎራይድ የመጣ እንጂ ከንጽህና ጉድለት እንዳልሆነ የነገረቻት ዶክተሯ ናት። የእኔ ጄል ለእሷ ብቻውን እንደማይበቃም በሐቅ ነግራታለች።

እባካችሁ በሎሚና በከሰል የምትፈትጉ ተዉ። የጥርስ ሽፋን አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም ብላኛለች። ጽሁፍ የሌለው ጠርሙስ አታስቀቡ። ወደ እሷ ሂዱ። ሠርግ ያለባችሁ ደግሞ ሳምንት ሲቀር ሳይሆን ወራት ሲቀሩ ሂዱ።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። አላይነር ያላችሁ የድሮዎቹንም ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። እማዬ ከዘጌ ቡና ልካላታለች፤ ቅዳሜ አደርስላታለሁ።