ሰንጢ ስትመርጡ፦ ስለቱ ይርዘም ወይስ ይጠር?

ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ የሚገባው እጀታው ውስጥ ነው። ጥያቄው እጀታውን ምን ያህል ይሙላው ነው። ሁለቱንም በ10 ሴንቲ ሜትር እጀታ እንያቸው።

ባለ 8.5 ሴንቲ ሜትር፦ ኪስ ውስጥ ቦታ ሳይጨምር ረዘም ያለ ስለት ይሰጣል። ፖም በአንዴ ለሁለት ይከፍላል። ጫፉ ግን ከእጅ ይርቃል።

ባለ 7 ሴንቲ ሜትር፦ ያጥራል፣ ግን ይታዘዛል። ወፍራም ካርቶን ስትቆርጡበት ይገባችኋል። ለጠቋሚ ጣት ማረፊያ የሚሆን ቦታ ስለሚተርፍ እጅ ወደ ስለቱ በቀላሉ አይንሸራተትም። ለዚህ ስል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ባጣ አይቆጨኝም።

ታዋቂው የፈረንሳይ ሰንጢ ኦፒኔል ቁጥር 8፣ ስለቱ ከእጀታው ጋር ሲነጻጸር፣ መሃል ላይ ነው፦ ስለቱ 8.5፣ እጀታው 11 ሴንቲ ሜትር።

ምግብ ለሚቆርጥ ረጅሙ ይመቻል። ገመድና ካርቶን ለሚበዛበት፣ ጓንት ለሚያደርግም አጭሩ።