ጥፍር የማይዘው ጭረት 14 ሺህ ብር አስከፈለኝ

ቸርኬያችሁ ላይ ትንሽ ጭረት አይቶ «አራቱንም አዲስ ላድርግልህ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፋርማሲ በር ላይ ላቆም ስጠጋ የቀኝ የፊት ጎማዬ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ታኮት አለፈ። ያቺን ድምፅ የሰማ ያውቃታል፤ ጥርስ ታንቀጠቅጣለች። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ጠርዞች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እንደ ድሮው ተሸራርፈው አይምሩም። ወርጄ ሳይ የቸርኬው ጠርዝ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ነጣ ያለ መስመር አለ። ከጎኑ ፀጉር የሚያካክሉ ሦስት አራት ጭረቶች። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄ ደግሞ ይታያል እንዴ?» አለችኝ። ለእኔ ግን ታየኝ። መኪናዬ ያሪስ ናት፣ አዲስም አይደለችም። ቸርኬዎቿ ግን ኦርጅናል ናቸው፤ ቀለም ነክቷቸው አያውቅም። እንግዲህ ሰው የሚኮራበት ነገር አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ላቫጆ ገባሁ። መኪናው እየታጠበ አንድ ወጣት መጣና ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ቸርኬዎን ጨርሰውታል እኮ!»

«ትንሽ ነገር ናት» አልኩት።

«አሁን ትንሽ ናት። ካልተሠራ ዝገት ይገባና ይበላዋል። እኔ አዲስ አድርጌ እሰጥዎታለሁ።»

ዋጋውን ጠየቅኩት። አንዱን ብቻ ከሆነ 4 ሺህ 500፣ አራቱንም ከሆነ ግን 14 ሺህ። «አንዱን ብቻ ከቀባነው ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም» አለኝ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይሄ ሁለተኛው አባባል እውነት ነው። አንዱ ቸርኬ ከተቀባ ከሌሎቹ ሦስቱ መለየቱ አይቀርም። ተንኮሉ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። መጀመሪያውኑ መቀባት ያስፈልገው ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ዘሎ፣ ስንቱን እንቀባ ወደሚለው ወሰደኝ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

የዝገቱ ወሬም ማስፈራሪያ ነው። አሎይ ቸርኬ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። እርግጥ ነው፣ ክሊሩ፣ ማለትም ከላይ ያለው ቀለም አልባ ሽፋን፣ ተሰንጥቆ ውኃና ጨው ለብዙ ጊዜ ከገባበት ከሥሩ ነጭ እየሆነ ይነሳል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር ይሄ ያሳስባቸዋል፣ መንገዱ ላይ ለበረዶው ጨው ይበተናል። አዲስ አበባ ላይ ማን ጨው ይበትናል? የእኔ ጭረት ወር ሁለት ወር ብትቆይ ምንም አትሆንም ነበር።

ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ዋናው ጥፋቴ ይሄ ነው፤ አጠገቡ ብቆም አስቆመው ነበር። ስመለስ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ጎማውን በክሪክ አንስቶ ያወልቃል፣ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሞ ቸርኬውን ያሻል፣ ጎማውን በጋዜጣ ይሸፍናል፣ ከዚያ ብርማ ስፕሬይ ይነፋበታል። ከጀርባ ያለው የፍሬን ሸራ ብናኝ እንኳ አልታጠበም። ቀለሙ ሳይደርቅ መልሶ ገጠመው። አራቱም በሁለት ሰዓት አለቁ። ከሩቅ ሲታይ ያብረቀርቃል፣ አልዋሽም። ደስ ብሎኝ ብሩን በሞባይል አስተላለፍኩ። ደረሰኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ላቫጆ አስገባሁት። የውኃው ግፊት ሲያርፍበት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ የሽቦ ብሩሹ የሠራቸው ክብ ክብ ጭረቶች፣ በመቶ የሚቆጠሩ። እኔ የነበሩኝ አራት ናቸው! ቤንዚን የነካ ጨርቅ ቢያሳርፉበት የቀረው ብርማ ቀለም ሙልጭ ብሎ ወጣ። የፋብሪካ ቀለም በቤንዚን እንዲህ አይለቅም። በምድጃ ሙቀት የተጋገረ ነው፣ ከላዩ ደግሞ ክሊር አለው።

ስለዚህ ክሊር ትንሽ ላውራ፤ ሁሉም ነገር የሚያጠነጥነው እሱ ላይ ነው። የቸርኬው ፊት ላይ ከታች መነሻ ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከላይ ቀለም የሌለው ክሊር ይኖራል። ክሊሩ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ቀላል ጭረት የሚባለው እዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ የቀረው ነው። መለያው ደግሞ ጥፍር ነው። ቸርኬውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አቋርጣችሁ ሳቡት። ካልያዘው ጭረቱ ክሊሩ ላይ ነው፤ በማሸት ይወጣል፣ ቀለም አያስፈልገውም። ከያዘው ወርዷል፣ ያኔ ሌላ ሥራ ነው። የሽቦ ብሩሽ ግን ክሊሩን በሰከንዶች ጨርሶ ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ያ ልጅ ያደረገው ይሄን ነው፤ ያልወረደውን ጭረት አወረደው፣ ከዚያ እሱን ለመሸፈን አስከፈለኝ።

ይሄ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

በማግስቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ ልንሄድ ስለነበር ጎማ ነፋስ ላስሞላ ሰፈራችን ጎሚስታ ጋ ጎራ አልኩ። ሰውየው የድሮ ጎሚስታ ነው፣ ዓይኑ ፈጣን ነው። ቸርኬውን አየና ዝም ብሎ ቁልፍ አመጣ። የቀኝ የፊት ጎማ አንዱን ብሎን ሲነካው ያለምንም ጉልበት ዞረለት። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ማነው ይሄን የቀባልህ?» አለኝ። ነገርኩት።

ጎማውን አውልቆ አሳየኝ። ብሎኑ የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ቀለም ተነፍቷል። ከኋላ ቸርኬው ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት ፊት ላይም አለ። «እዚህ ጋ ብረት ከብረት ነው መግጠም ያለበት» አለኝ። «በመሀል ለስላሳ ቀለም ከገባ መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይጨፈለቃል፣ ብሎኑ ይላላል። ነገ ስንት ልትነዳ ነበር?»

ፈጣን መንገዱ ላይ ከፍተኛው 120 ነው። ከኋላ ሁለት ልጆቼ ናቸው የሚቀመጡት። መልስ አልሰጠሁትም።

የአራቱንም ጉድጓዶች ፍቆ አጸዳ። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዚያ ትይዩውን እያደረገ አጠበቀ። የዚህች መኪና ብሎን የማጥበቂያ ኃይል ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ እሱ በመለኪያ ቁልፍ ነው ያደረገው፣ በእግሩ ረግጦ አይደለም። አዳማ ደርሰን ስንመለስ ድጋሚ እንዳስፈትሽ አዘዘኝ። ለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ 300 ብር ነው። የዋጋ ነገር አንዳንዴ ያስቃል።

ሰኞ ወደ ልጁ ተመለስኩ። ቦታው ላይ አለ፣ ሌላ ሰው ቸርኬ ሥር ቁጢጥ ብሏል። «ጋሼ፣ እርስዎ በሳሙና አሳጥበውት ነው» አለኝ። ቸርኬ በሳሙና የማይታጠብ ከሆነ በምን ሊታጠብ ነው? ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ «ደረሰኝ ይዘዋል?» አለ፣ እየሳቀ። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ ለደረሰብን ጉዳትም ካሳ መጠየቅ እንችላለን። ግን ከማን ጋር፣ ምን ተዋውዬ፣ ስንት እንደከፈልኩ የሚያሳይ ወረቀት ሳልይዝ ማንን ልክሰስ? ስሙን እንኳ በትክክል አላውቀውም።

አንድ ወር ቆይቶ እህቴ በቪትዟ እዚያው ጠርዝ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። በቤተሰብ ነው መሰለኝ። እሷን ግን ላቫጆ አላስኬድኳትም። ጥላ ሥር አቁመን፣ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በእቃ ማጠቢያ ሳሙናና በውኃ አጠብነው። ጥፍር አይዘውም። ነጩን መስመር ትንሽ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ግማሹ ለቀቀ። ለካ ጭረት ሳይሆን ከጠርዙ የተላከከ ቀለም ነበር! የእኔም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም፣ እንግዲህ አሁን ማወቅ አይቻልም። ለቀሩት ጭረቶች መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን ኮምፓውንድ የሚባል የቀለም ማሻ ቅባት በጥጥ ጨርቅ ነክተን፣ በትናንሽ ክብ፣ ሳንጫን፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እያሸን፣ እየጠረግን ሦስት ጊዜ ደገምነው። አንዷ ግትር አለች። እሷን 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውኃ ነክሬ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ አሸሁና ኮምፓውንዱን ደገምኩበት። በመጨረሻ ሰም ቀባነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እህቴ «አንተ ለምን እንዲህ አላደረግክም?» አለችኝ። ዝም።

ቲነር ግን ወደ ክሊር አታስጠጉ፣ ያለሰልሰዋል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚባለውም በጣም ለቀላሏ ጭረት ትንሽ ይረዳ ይሆናል እንጂ ተአምር የለውም። ቸርኬያችሁ የማያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ምንም አትሹት፣ ያሻችሁበት ቦታ ብቻ አብረቅርቆ ይቀራል።

ሰሞኑን ከቻይና የገቡ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ቸርኬዎች ባለሁለት ቀለም ናቸው፤ ጥቁር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ በማሽን ተላጭቶ የሚያበራ አሉሚኒየም። ያ የሚያበራው ክፍል ቀለም አይደለም፣ በላዩ ክሊር ያለበት ራሱ ብረቱ ነው። ብርማ ስፕሬይ ከተነፋበት ያ መልክ ጠፋ ማለት ነው። ለመመለስ ቶርኖ ላይ ዳግም መላጨት ይጠይቃል፣ በተላጨ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ስለሚሳሳ ብዙ ጊዜ አይደገምም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የተጫረው ጭራሽ ቸርኬው ሳይሆን የፕላስቲክ ሽፋኑ ነው። እሱን ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ላለባችሁ፣ ጥሩ ቀለም ቀቢ አለ። የሚለየው በችኮላው ነው። ጎማውን ከቸርኬው ሳያወልቅ ወይም ቢያንስ በሚገባ ሳይሸፍን፣ ቅባቱን ሳያጸዳ፣ መነሻ ቀለም ሳይቀባ፣ የብሎን ጉድጓዶቹን ሳይደፍን ስፕሬይ የሚያነሳ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። «ክሊር ትቀባለህ ወይ? ለመድረቅስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በሁለት ሰዓት አራት ቸርኬ የሚል መልስ ከመጣ ገባችሁ። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ደላላው «ቸርኬው አዲስ ነው» ካለ ከጀርባ በኩል በስልክ መብራት እዩ። የተበየደ ስንጥቅ በብርማ ቀለም ሥር ሊደበቅ ይችላል።

እንደ እኔ በዚህ መንገድ አስቀብታችሁ ከሆነ ደግሞ የቀለሙን ነገር ለጊዜው ተዉት። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ጎሚስታ ጋ ሂዱና ብሎኖቹን አስፈትሹ። ጎማውን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም አለ ወይ ብሎ እንዲያይላችሁ ንገሩት።