ጅማ መርካቶ አጠገብ ያስጫንኩት የድሮ ኮሜዲና ካርቱን

ጅማ መርካቶ አጠገብ፣ ስልክ ጠጋኞች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ በሩ በአዳዲስ ተከታታይ ድራማ ፎቶዎች የተሸፈነ አንድ ጠባብ የፊልም መጫኛ ቤት አለ። ከፎቶዎቹ መካከል «የድሮ ኮሜዲና ካርቱን አለ» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ባላይ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር። ባለ 32 ጊጋ ፍላሼን ሰጥቼ፣ 200 ብር ከፍዬ፣ ከማዶ ካለው ጀበና ቡና አንድ ሲኒ ጠጥቼ ስመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀኝ። በፍጥነቱም በዋጋውም ቅር አልተሰኘሁም፤ ቅሬታዬ ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ከሰካሁት በኋላ የመጣ ነው።

ስብስቡ «ቻርሊ»፣ «ወፍራሙና ቀጭኑ»፣ «ቶም ኤንድ ጄሪ» እና «ሌሎች» በሚሉ አራት ፎልደሮች ተከፍሏል። «ቻርሊ» በተባለው ውስጥ ቻርሊ ቻፕሊን ያልሆነ ሰውም ተደባልቋል፤ ፊቱ ፈጽሞ ፈገግ የማይለው በስተር ኪተን። በዚህ ፊልሙን የጫነልኝን ልጅ አልወቅሰውም። እኛም በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን፣ ዋናው የካራቴ ፊልም እስኪጀመር የሚታየውን ድምፅ አልባ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁሉ «ቻርሊ» ነበር የምንለው። ያኔ ካየኋቸው ሁሉ ከዓይኔ ያልጠፋው ግን የኪተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው ፊልሙ፣ በማዕበል መሐል የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ሲወድቅበት፣ እሱ የቆመው ልክ ክፍቱ መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ሳይነካው ይቀራል። የወደቀው የእውነት ግድግዳ ነበር። በልጅነቴ ስቄበታለሁ፤ አሁን ሳየው ግን ትንፋሼን ያዝኩ።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። የመጀመሪያው የምስሉ መለጠጥ ነው። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ወርዳቸው ከቁመታቸው እምብዛም በማይበልጥ፣ አራት ለሦስት በሚባለው መጠን ሲሆን፣ ቤቱ ግን የዛሬውን ሰፊ ቴሌቪዥን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞሉ ወደ ጎን ለጥጧቸዋል። በሌላ ዓይነት ፊልም ይህ ምናልባት ይታለፍ ይሆናል፤ በሰውነት ቅርጽ በሚያስቅ ኮሜዲ ላይ ግን ቀልዱን ይገድለዋል። «ወፍራሙና ቀጭኑ» የምንላቸው ሎሬልና ሃርዲ አንድ ፒያኖ በረጅም ደረጃ ለማውጣት የሚታገሉበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ወጥቶ ኦስካር ያገኘውን አጭር ፊልም ብከፍት፣ ቀጭኑ ሎሬል አንድ ኩንታል ቡና የዋጠ መስሎ ብቅ አለ። ሁለት ወፍራሞች ጎን ለጎን ቢቆሙ ምኑ ያስቃል?

ሁለተኛው የፍጥነትና የሙዚቃ ነገር ነው። ድምፅ አልባ ፊልሞች በእጅ በሚዞር ካሜራ፣ ብዙ ጊዜም በሴኮንድ ከ24 ባነሰ ምስል ይቀረጹ ስለነበር፣ ይህ ሳይስተካከል በ24 ሲታዩ ሰው ሁሉ የሚሯሯጥ ይመስላል፤ የቻፕሊን ቀደምት አጫጭር ፊልሞችም ዱላውን እያወዛወዘ እግሩን ከፍቶ የሚራመድበት ያ የታወቀ አካሄዱ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ ተጣድፈዋል። ይባስ ብሎ፣ ሆሊውድ ወደ ንግግር ፊልም ከዞረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ቻፕሊን ንግግር ሳያስገባበት ሙዚቃውን ራሱ የደረሰለት «ሲቲ ላይትስ» ሙዚቃው ተነቅሎ የኪቦርድ ጭፈራ ተለጥፎበታል። መጨረሻ ላይ ዓይኗ የበራላት አበባ ሻጭ እጁን ዳብሳ ማንነቱን ስታውቅ፣ ከበስተጀርባ ከበሮ ይደለቃል።

«ቶም ኤንድ ጄሪ» ግን እንከን የለሽ ነው። ሐናና ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 ከሠሯቸው 114 አጫጭር ፊልሞች መካከል በርካቶቹ፣ ሰባት ኦስካር ካገኙትም የተወሰኑት፣ በጥሩ ጥራት ተጭነዋል። የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ ከድመቷ እርምጃ ጋር አብሮ ይረግጣል፤ መጥበሻው ሲያርፍባት አብሮ ይጮኻል። አማቴ ከአፋን ኦሮሞ ሌላ ብዙም አይናገሩም፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ደግሞ አማርኛዋ ይበረታል፤ ሁለቱ ግን ያለ አስተርጓሚ እኩል ይስቁ ነበር። ወላጆች አንድ ነገር ይወቁ፤ በቀደምቶቹ ላይ ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ የቀረበችበት መንገድ የዘመኑን ንቀት የያዘ ስለሆነ፣ ለልጄ ቆም ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

በማግስቱ ፍላሹን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ደንበኛ ተበላሽቷል እያለ ይመልስብኛል፤ ለዚያ ብዬ ነው እኮ የለጠጥኩት» አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ያልተለጠጠ ቅጂ ያለውን ሁሉ፣ «ሲቲ ላይትስ»ንም ከነሙዚቃው ፈልጎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጫነልኝ። የተስፋዬ ካሳን ወይም የደረጀና ሀብቴን ቀልዶች ስጠይቀው ግን አንድም አልነበረውም፤ «የድሮ» ያለው የፈረንጁን ብቻ ኖሯል።

የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ተማሪ ስለሚበዛ ጠዋት ቢሄድ፣ ከማስጫኑም በፊት «አትለጥጥብኝ» ቢል ይሻለዋል። የፒያኖው ፊልም ደኅና ቅጂ እስካሁን አልተገኘም፤ ሲያገኝ ሊደውልልኝ ቁጥሬን ወስዷል። እስከዚያው እኔ ቤት ሎሬል እንደ ወፈረ ነው።