አባቴን ላየችልን የሐዋሳ የዓይን ባለሙያ፦ እግዜር ይስጥልን

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ ከስትሮክ ተርፎ መራመድም ማውራትም ቢጀምር እይታው አስጨነቀን። ከእንጀራው የቀኙን ግማሽ ብቻ በልቶ "ወጥ የለም እንዴ?" ይላል፤ ወጡ በግራው አለ። በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው ይጋጫል። ዳዊት ሲያነብ የየመስመሩን መጀመሪያ ይዘላል። ጎረቤት "ጃጀ" ማለት ጀመረ።

ያልተንከራተትንበት የለም። አንዱ ጋ መነጽር፣ ሌላው ጋ ጠብታ፣ ደግሞ ሌላ መነጽር። አንዱማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "ዕድሜ ነው" ብሎ ሂሳብ አስከፈለን። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስማቸውን አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት የዓይን ባለሙያ ጋ ሄድን። ዓይኑን በደንብ መርምራ "ጤነኛ ነው፣ መነጽርም አይጨመርላቸውም" አለች። ከዚያ ወረቀት ሰጠችው። "አባባ፣ እስቲ ሰዓት ይሳሉልኝ።" ክቡን ሳለና ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በቀኝ በኩል አጨቃቸው። ግራው ባዶ ነው። "ጨረስኩ" አላት።

እኛ ክው አልን። እሷ ግን ወንበሯን አንስታ በግራው በኩል ተቀመጠች፤ ግራ እጁን ይዛ "አባባ፣ እዚህ ነኝ" እያለች ቀስ ብሎ ወደ እሷ እስኪዞር ጠበቀችው። አልቸኮለች፣ አልተቆጣች። ያቺን ትዕግሥት መቼም አልረሳትም።

እንደ ነገረችን ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል እንጂ የሚያየው አንጎል ነው። በግራችን ያለውን በዋናነት የሚከታተለው ቀኙ አንጎል ነው፣ አባቴንም ስትሮኩ የመታው እዚያ ነው። ዓይኑ ያደረሰለትን አንጎሉ ልብ አይለውም፤ ስለዚህ ራሱም የጎደለው ነገር እንዳለ አያውቅም። የቀረውን ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ልተወው። ብቻ አባቴ አልጃጀም! ይህን መስማት ለእናቴ ምን እንደሆነላት እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ነርቭ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒ ደብዳቤ ጻፈችልን። ዳዊቱን ተቀብላም በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር አሰመረች። "ቀዩን እስኪያዩት ራስዎን ያዙሩ፣ ከዚያ ያንብቡ።" ዛሬ ቀስ ብሎም ቢሆን መስመሩን ከመጀመሪያው ያነባል። በግራ የሚመጣ ባጃጅ አሁንም ስለሚያመልጠው መንገድ ብቻውን አናሻግረውም።

የከፈልነው የምርመራውን ብቻ ነው። ከስትሮክ በኋላ አንድ ጎኑን የሚረሳ ሰው ካላችሁ እባካችሁ ውሰዱላት፣ በመነጽር ብር አትጨርሱ። ስልኳን በይፋ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማለሁ። ከይርጋለም ወይም ከወንዶ ገነት የምትመጡ ጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት ሰው ይበዛባታል።