መስመሩ ወይስ ኮረብታው፦ ተጫዋችን ሳያውቀው የሚመሩ ሁለት የጨዋታ ዓለሞች

አዲስ አበባ ባሉ ጌም ቤቶች ከተጫዋች ጀርባ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ የጨዋታው ዓለም ልጁን ሳያውቀው ወዴት እንደሚወስደው መታዘብ ይችላል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳበት ጂቲኤ 5 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በስክሪኑ ግርጌ ባለች ትንሽ ካርታ ላይ መንገዱን በቀለም መስመር ያሳያል፤ ነጂው ዓይኑን ከመስመሩ ስለማይነቅል በብዙ ድካም የተሠራውን ከተማ ሳያየው ያልፋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓኑ ኩባንያ የኒንቴንዶ ጨዋታ፣ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ፣ ተጫዋቹን የሚመራው በመልክዓ ምድሩ ነው። አዘጋጆቹ እንዳስረዱት፣ ምድሩን በሦስት ማዕዘን ቅርጾች የሞሉት ኮረብታው ከጀርባው ያለውን ጋርዶ ጉጉት እንዲቀሰቅስ፣ መውጣት ወይም መዞር የሚለውንም ምርጫ ለተጫዋቹ እንዲተው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሩቅ ያለ ግንብ ብቅ ሲል ተጫዋቹ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ውሳኔው ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ ይመስለዋል። ረቂቁ ተጽዕኖ እዚህ ላይ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ እኛም መንገድ ስንጠየቅ «ማዘጋጃ ቤቱን ከኋላህ አድርገህ ቁልቁለቱን ውረድ፣ ለገሃር ትደርሳለህ» እንላለን እንጂ የመንገድ ስም አንጠራም።

እኔ ኮረብታውን እመርጣለሁ፤ በደቂቃ እየከፈለ ለሚጫወት ልጅ ግን መስመሩ ሳይሻለው አይቀርም።