ሬዚን ፈረስ የተሰበረባችሁ፣ እኚህን ሴትዮ ሳታዩ እንዳትጥሉት

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በተለይ ኬንታኪና ኦሃዮ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ የፈረስ ሞዴል የሚሰበስቡ ወላጆች፣ ይህችን አንብቡልኝ። የልጄን የተሰበረ ፈረስ ለጠገኑልን ሴትዮ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ብዙ ሰው የሚያውቀው የብሬየር ፈረስ በፋብሪካ የሚመረት ፕላስቲክ ነው፤ ቢወድቅም ብዙ ጊዜ ተጭሮ ይተርፋል። ሬዚኑ፣ ማለት ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ የሚጠነክረው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀራጩ መጀመሪያ ዋናውን በእጁ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ የሲሊኮን ቅርጽ ይወጣለትና ሬዚኑ እየተቀዳ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀባ ነው የሚሸጠው፤ ቀለሙ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው። የፊቱ የደም ሥር ሳይቀር ይታያል። ዋጋውንማ አትጠይቁኝ። ይህን ሁሉ ሆኖ ደግሞ ይሰበራል! እግሩና ጆሮው በተለይ።

ልጄ የገዛችው ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ከተማ ነው። በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ብሬየርፌስት የሚባል ትልቅ የብሬየር በዓል አለ፤ ሰብሳቢዎቹ ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ፣ አልጋው ላይ ሳይቀር፣ ፈረስ ደርድረው ይሸጣሉ። መጀመሪያ ሳይ ሳቄ መጣ፤ ልጄ ግን ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ አንዱን ይዛ ወጣች። ዳማ ነው፣ ግንባረ ቦቃ። አባቴ በስልክ ስለ አጤ ምኒልክ ፈረስ አጫውቷት ስለነበር ስሙን «ዳኘው» አለችው።

ቤት ስንቀይር የፊት እግሩ ከጉልበቱ በላይ ቀንጠብ አለ፤ የጆሮውም ጫፍ ሄደ። ልጅቷ ምግብ አልበላም አለች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መከራ ጠላቴም አይየው። አንደኛው ጠጋኝ «ቀላል ነው» ብሎ ተቀበለን፤ እግሩን አጣሞ ለጥፎ፣ ሙጫው ወደ ሰኮናው ወርዶ ደርቆ መለሰልን። ፈረሱ መቆም አልቻለም፣ ገንዘቤን ግን አልመለሰልኝም። ሌላዋ ደግሞ ወስዳ ጠፋች። መልእክት ብልክ መልስ የለም፣ ብደውል አታነሳም። በስንት ልመና ሳገኛት «መጫወቻ እኮ ነው፣ ሌላ ግዢላት» አለችኝ። ነገሩ የሚያናድደው ሥራዬ ነው ብላ የተቀበለችው እሷ መሆኗ ነው። ፈረሱን የመለሰችውም አንድ ነገር ሳትነካው ነው። ስም አልጠራም፤ እግዚአብሔር ይይላቸው።

እኚህን ሴትዮ የጠቆመችኝ የልጄ ጓደኛ እናት ናት፣ ዕድሜ ይስጣት። የሚሠሩት እዚያው ቤታቸው፣ ጋራዡ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። እንደገባን እኔን ትተው ወደ ልጄ ዞሩና «ስሙ ማነው?» አሏት። ነገረቻቸው። አጠራሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግመው በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ሳጥኑ ላይ ለጠፉት። ሲቀበሉም ሲያስረክቡም «ዳኘው» እንጂ «ሞዴሉ» ብለውት አያውቁም። ያቺ ወረቀት እኔንም ልጄንም ገዛችን።

ችሎታቸውን ያየሁት ደግሞ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ነው። ፈረሱን መስታወት ላይ አቆሙትና ቀጭን ወረቀት በደህናው የኋላ ሰኮና ሥር አሳለፉ። ወረቀቱ አልፎ ሄደ! ማንም ያላየውን አዩት፤ ያልተሰበረውም እግር ተጣሞ ኖሯል። ሬዚን ሙቀት ሲያገኘው እንደሚለምጥ፣ በጋ ላይ መኪና ውስጥ መተው እንደሌለበት ነገሩን። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያሉ አሞቁት፣ በጣታቸው ገፋ አደረጉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሩት። መልሰው መስታወቱ ላይ ሲያቆሙት ወረቀቱ እምቢ አለ።

የተሰበረውን እንዴት እንደሠሩት በዝርዝር አልነግራችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ውስጡ ሽቦ ገብቷል፣ ክፍተቱ ሊጥ በሚመስል ነገር ተሞልቷል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፣ ተቀብቷል። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው ብለው ልጄን ያለ ማስክ አላስጠጓትም፤ የሚፍቁትም በውሃ እያራሱ ነው። ቀለሙን የት ጋ እንዳገናኙት እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁትም። መብራት ሥር ይዤው ሁሉ አይቻለሁ።

ሒሳቡ ላይ ደግሞ ከተነጋገርነው አላለፉም። «ጆሮውስ?» ስላቸው «የጆሮው ለልጅቷ ስጦታዬ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ በዚህ አገር?

አባቴ የአገው ምድር ሰው ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲወጣ እያየ ያደገ። በቪዲዮ ስናሳየው መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየና «የፈረስ ወጌሻም አለ በሉኛ» አለ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኮርቻው የታለ?» አሁን ልጄ ኮርቻ ካልተሠራለት ብላ ይዛኛለች። ለዚህም ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ሴትዮዋን ግን አደራ፣ ሂዱላቸው። እግር ይሁን ጆሮ፣ ሌላ ሰው ያበላሸውም ቢሆን ውሰዱላቸው። ስልካቸውን እዚህ አለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃቸው እሰጣችኋለሁ። ጁላይ ሲቃረብ ወረፋው ስለሚበዛ ከአሁኑ ደውሉ፤ ስትወስዱትም እንዳይንከባለል በፎጣ ጠቅልላችሁ በሳጥን ይሁን።