ከ150-600 ሌንስ ጋር 9 ወር በአባይ ዳር

ለወፍ ፎቶ የምጠቀምበትን ይህን የካሜራ ሌንስ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ መስከረም ላይ። አንድ ልጅ ከዱባይ አምጥቶት ብዙም ሳይሠራበት ሸጠልኝ። ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ይስባል። የካሜራዬ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ ምስሉ ይበልጥ የቀረበ ይመስላል፤ 600ው በ1.6 ሲባዛ 960 እንደማለት ነው። ቁጥሩን ስትሰሙ ወፏ እጃችሁ ላይ የምታርፍ ይመስላችኋል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያስመረረኝ ክብደቱ ነው። ሌንሱ ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ነው። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አንድ ሰዓት ስሄድ ማታ አንገቴ አልዞር አለኝ። አሁን ማንገቻውን ሌንሱ እግር (ማቆሚያ ላይ የሚታሰርበት ክፍል) ላይ አስሬ በትከሻዬ አገድመዋለሁ። ሌላው ጣጣ፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል በራሱ እየተንሸራተተ ይረዝማል። መቆለፊያዋን እስክለምድ ስንቴ ከድንጋይ አጋጨሁት። የፊቱ የፕላስቲክ ጥላ ተሰንጥቆ በፕላስተር ነው ያለው።

ፈተናው ጥቁርና ነጭዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ናት። ክንፏን እያርገበገበች ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ትቆማለች። ሰውነቷ ይወዛወዛል፣ ጭንቅላቷ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ተወርውራ ትወርዳለች። ቆማ ሳለ ሌንሱ ይይዛታል። ስትወርድ ግን ፎከሱ ከኋላዋ ያለው ደንገል ላይ ይለጠፋል። ሁለት ወር ሙሉ ደንገል ሳነሳ ከረምኩ። መፍትሔው የፎከስ ነጥቡን መሀል ላይ አንድ ብቻ ማድረግና ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/2000 ሰከንድ ላይ መተው ሆነ። ኅዳር ላይ አንዷን ዓሣ እንደነከሰች አገኘኋት። ቤት ገብቼ ሳሰፋው ደረቷ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለ። ለካ ወንድ ኖሯል! የሴቷ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ መሀሉ ይቆረጣል።

በታንኳ የሚያጠምዱ አንድ አባት መጀመሪያ ቀን «ይሄ ሁሉ ለወፍ ነው?» ብለውኝ ነበር። ይቺን ፎቶ ሳሳያቸው ወፉን ትተው ዓሣዋን አዩ። «ቆሮሶ ናት። ገና ሳታድግ ወሰደብኝ!»

ብርሃን ሲያንስ ሌንሱ ደካማ ነው። 600 ላይ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አይኤስኦው (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 6400 ይገባና ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ማዶ ዛፍ ላይ የሚያርፈውን የዓሣ ንስር ደጋግሜ አነሳሁት፣ ሁሉም ድብዝዝ። የተበላሸ ዕቃ የሸጠልኝ መስሎኝ ለልጁ ደውዬ ተቆጣሁት። በማግስቱ 2 ሰዓት ላይ ንስሩ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

በነገራችን ላይ፣ ይሄን የሚያህል ሌንስ ወደ አባይ ድልድይ አታዙሩ። «ወፍ ነው» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም።

ሰኔ ገብቷል፤ እርጥበት መስተዋቱን ያሻግታል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች እየሰበሰብኩ ቦርሳው ውስጥ እከታለሁ። አልሸጠውም። የምትወጡት ከሰዓት በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ከ100 እስከ 400 የሚስብ ሌንስ ይበቃችኋል፤ አንገታችሁም ይተርፋል።